ውሃ በረዶ ለመሆን ምን ይጠብቃል?

ታናሽ ወንድማችሁ «ውሃ እንዴት በረዶ ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ አብዛኞቻችሁ «ስለሚቀዘቅዝ ነዋ!» ብላችሁ እንደምትመልሱ እንገምታለን። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ንጹሕ የሆነ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ከዜሮ በታች እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቀዝቅዞም ፈሳሽ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል፤ ከፍ ብለው በሚንሳፈፉ ደመናዎች ውስጥ እንዲህ ያሉ ጠብታዎች በብዛት ይገኛሉ። በቴርሞሜትር ሥራው የሚታወቀው ዳንኤል ፋራናይት ውሃ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ሳይረጋ መቆየቱን ተመልክቶ ለንባብ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1724 ነበር። እንግዲያውስ ከቅዝቃዜ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር አለ ማለት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ነገር ሕፃን ሊረዳው በሚችል መንገድ ለመግለጽ እንሞክራለን።

የትምህርት ቤት ግቢን በዕረፍት ሰዓት እናስብ። ልጆቹ ይሯሯጣሉ፣ ይጋፋሉ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሆኖም ከግቢው አይወጡም። በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎችም እንዲሁ ናቸው፤ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፣ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ተጣብቆ አይቀርም። ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ሩጫቸው ይዳከማል፤ መሳሳቡም የበላይነቱን ይይዛል። ደወል ተደወለ እንበል። ልጆቹ መሰለፍ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ሰልፉ ከየት ይጀምር? የክፍል አለቃው ከፊት ሲቆም ሌሎቹ ከኋላው ይደረደራሉ። በውሃ ውስጥ የአለቃውን ሥራ የሚሠራው ብናኝ፣ የዕቃው ግድግዳ ወይም ቀድሞ የተፈጠረ የበረዶ ቅንጣት ነው። አለቃ በሌለበት ጥቂት ሞለኪውሎች በአጋጣሚ በሥርዓት እስኪገጣጠሙ መጠበቅ ግድ ይሆናል፤ ይህ ትንሽ ስብስብ ደግሞ ሳያድግ ደጋግሞ ይፈርሳል። ውሃው የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው።

ምሳሌያችን ግን በሁለት በኩል ያነክሳል። በመጀመሪያ፣ የተሰለፉ ሞለኪውሎች ቆመው አይቀሩም፤ ባሉበት ይርገበገባሉ። ሁለተኛ፣ ልጆች ሲሰለፉ ቦታ ይቆጥባሉ፣ የውሃ ሞለኪውሎች ግን ሲሰለፉ በመካከላቸው ክፍተት ትተው ነው። በረዶ ከውሃው 9 በመቶ ገደማ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሞልቶ የተከደነ ጠርሙስንም ይሰብራል። አብዛኞቹ ፈሳሾች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ የቀለጠ ሻማ ሲረጋ መካከሉ የሚጎደጉደው መጠኑ ስለሚቀንስ ነው።

«ረጋ» የሚለው ቃላችንም ጥቂት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቅቤም ይረጋል፣ ወተትም ይረጋል፣ ደምም ይረጋል። የቀለጠ ቅቤ የሚረጋው ሙቀት ስለጎደለው ነውና ቢያሞቁት ተመልሶ ይቀልጣል። እርጎን ግን ምንም ቢያሞቁት ወተት አይሆንም፤ ፕሮቲኖቹ በአሲድ አማካይነት ተያይዘዋል። እኛ የምንነጋገረው ስለ ቅቤው ዓይነት መርጋት ነው።

ተማሪዎችን ከሁሉ ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ፈሳሽ ሲረጋ ሙቀት መልቀቁ ነው። ሞለኪውሎቹ ሲያያዙ ኃይል ያወጣሉ። በ0 ዲግሪ ያለ 1 ኪሎ ግራም ውሃ በረዶ እስኪሆን ድረስ 334 ኪሎ ጁል ገደማ ይለቃል፤ ይህም ያንኑ ውሃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ «ስውር ሙቀት» ያለው ይህንኑ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባ ውሃ 0 ላይ ደርሶ ለረጅም ጊዜ ከዚያ ፈቀቅ የማይለውም ይህ ሁሉ ሙቀት እስኪወጣለት ነው።

ይህ ዕውቀት ከማቀዝቀዣ ደጃፍ አልፎ እርሻ ድረስ ይዘልቃል። በሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች ሰማዩ በጠራበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ወደ ጠፈር ትለቅና ውርጭ ይወርዳል፤ ገብሱና ባቄላው ይመታል። በቅጠል ላይ ያለ ውሃም ታዲያ አለቃ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ከእነዚህ አለቆች አንዱ ሱዶሞናስ ሲሪንጌ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ደረሱበት። በገላው ላይ ያለው ፕሮቲን የውሃ ሞለኪውሎችን ስለሚያሰልፍ፣ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ላይ በረዶ እንዲጀምር ያደርጋል፤ እንዲህ ያለ አለቃ በሌለበት ቅጠሉ ተጨማሪ ጥቂት ዲግሪዎችን ሳይጎዳ ሊያልፍ ይችላል።

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ገበሬዎች በበኩላቸው በስውሩ ሙቀት ይጠቀማሉ። ውርጭ በሚያሰጋበት ሌሊት እንጆሪያቸው ላይ ውሃ ይረጫሉ፤ ውሃው ሲረጋ የሚለቀው ሙቀት ተክሉን በ0 ዲግሪ አካባቢ ያቆየዋል። እንግዳ ይመስላል፤ ተክሉን በበረዶ ሸፍኖ ከብርድ ማዳን! ነገር ግን ርጭቱ በረዶው መቅለጥ እስኪጀምር ድረስ መቋረጥ የለበትም። መሐል ላይ ቢቆም ወይም ብርቱ ነፋስ ቢነሣ፣ የሚተነው ውሃ ከተክሉ ሙቀት ስለሚወስድ ጉዳቱ ካልተረጨው ሊብስ ይችላል። ዘዴው ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ፓምፕና ብዙ ውሃ የሚጠይቅ በመሆኑ ለደጋው ገብስ አምራች የሚቀርብ አይደለም፤ ለእርሱ ይበልጥ የሚበጀው ውርጩ ከመምጣቱ በፊት የሚደርስ ዘር መዝራት ነው።