እማዬ ደረጃ ስትወጣ ለምን ታርፋለች? ስለ ጉልበት ሕመም ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

በአማርኛ «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ እግራችን የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ሌላው ኃይል ወይም አቅም ማለት ነው። አንድ ሽማግሌ «ጉልበቴ ከዳኝ» ሲሉ ሁለቱንም ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ጉልበቱን የታመመ ሰው ቀስ በቀስ ከቤት መውጣት ይቀንሳል። መጀመሪያ ገበያው ይርቀዋል፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ ቀጥሎም ሠርጉና ለቅሶው።

ብዙ ወላጆች ስለዚህ ነገር አያወሩም። ስትጠይቋቸው «ደህና ነኝ፤ እርጅና ነው» ይሏችኋል። ታዲያ ሕመሙ ሳይብስ ቀድሞ ማወቅ አይቻልም? ዕድሜው የገፋ ሰው ሁሉ ጉልበቱን ራጅ ቢነሳስ?

ሕመሙ ምንድን ነው?

ጉልበት ላይ የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት ይገናኛሉ። የአጥንቶቹን ጫፍ ለስላሳ ሽፋን ይሸፍነዋል። ስንራመድ አጥንት ከአጥንት ጋር እንዳይፋተግ የሚያደርገው ይህ ሽፋን ነው። ሽፋኑ እየሳሳ ሲሄድ፣ በዙሪያው ያለው አጥንትም ሲለወጥ፣ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው ሕመም ይመጣል። በየቤቱ «ሪህ» ወይም «ቁርጥማት» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። እነዚህ ቃላት ግን ለብዙ ዓይነት ሕመም ያገለግላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ኦስቲዮአርትራይተስ ነበረባቸው። ከሁሉም በላይ የሚያጠቃው ጉልበትን ነው። ከታማሚዎቹ ከመቶ 60 ያህሉ ሴቶች ናቸው። ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የቆየ የጉልበት ጉዳት፣ እንዲሁም ለብዙ ዓመታት እየተንበረከኩና ከባድ ዕቃ እያነሱ መሥራት ለሕመሙ ያጋልጣሉ። በስደት አገር በጽዳት ወይም በመጋዘን ሥራ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ወላጆች ይህን በደንብ ያውቁታል።

ራጅ ሁሉንም አይናገርም

ሕመም ሳይሰማቸው ሰዎችን መርምሮ በሽታን መፈለግ «ልየታ» ይባላል። ለደም ግፊት ልየታ ይደረጋል፤ ለጡት ካንሰርም እንዲሁ። ለጉልበት ግን ነገሩ የተለየ ነው።

በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፍራሚንግሃም የምትባል ከተማ አለች። ከ1948 ጀምሮ የነዋሪዎቿ ጤና እየተጠና ነው። በ1987 የወጣ አንድ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ63 እስከ 94 የሆኑ ከ1,400 በላይ ሰዎችን ጉልበት ተመለከተ። ከመቶ 33 ያህሉ ላይ ሕመሙ በራጅ ታየ። በራጅ ታይቶ ሕመምም የሚሰማቸው ግን ከመቶ 10 አይሞሉም ነበር። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ራጁ ደህና ሆኖ ጉልበቱ በጣም የሚያመው ሰው አለ።

በ1968 የዓለም ጤና ድርጅት ልየታ መቼ እንደሚጠቅም የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። በሽታው ትልቅ ችግር መሆን አለበት። ጥሩ መመርመሪያም መኖር አለበት። ቀድሞ የተገኘ ሰውም የሚረዳው ሕክምና ያስፈልገዋል። የጉልበት ሕመም ትልቅ ችግር መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ራጅ ማን እንደሚታመም በደንብ አይለይም፤ የሳሳውን ሽፋን ወደ ነበረበት የሚመልስ መድኃኒትም ገና የለም። ከዚህ ሌላ፣ ምንም ያላመመው ሰው «ጉልበትህ ተበላሽቷል» ቢባል ሊደነግጥና መራመድ ሊተው ይችላል። ይህ ደግሞ ጉልበቱን ይበልጥ ያደክመዋል።

የጃፓን ሰባት ጥያቄዎች

ጃፓን ብዙ አረጋውያን ያሉባት አገር ናት። በ2007 የጃፓን የአጥንት ሐኪሞች ማኅበር፣ ሰዎች የመንቀሳቀስ አቅማቸውን ከማጣታቸው በፊት እንዲያውቁ አንድ ዘመቻ ጀመረ። ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ራሱን የሚጠይቃቸው ሰባት ጥያቄዎችም ተዘጋጁ። ሐሳባቸው ይህ ነው፦

1. በአንድ እግር ቆሞ ካልሲ ማድረግ ያቅታል?
2. ቤት ውስጥ ያደናቅፋል ወይም ያንሸራትታል?
3. ደረጃ ለመውጣት መደገፊያ መያዝ ያስፈልጋል?
4. ከበድ ያለ የቤት ሥራ ያስቸግራል?
5. ሁለት ኪሎ ያህል አስቤዛ ይዞ ወደ ቤት መመለስ ያስቸግራል?
6. ሳያርፉ 15 ደቂቃ መራመድ ያቅታል?
7. የእግረኛው መብራት ሳይለወጥ መንገድ መሻገር ያቅታል?

ለአንዱም ቢሆን «አዎ» ከተባለ ችላ ማለት አይገባም። ጥያቄዎቹ የበሽታውን ስም አይነግሩም። ችግሩ ከጉልበት ሌላ ከወገብ ወይም ከጡንቻ ሊመጣ ይችላል። ግን ራጅ የማይነግረንን ነገር ይነግሩናል፤ ሰውየው በየቀኑ ምን እንዳቃተው።

ሐኪም ዘንድ መቼ እንሂድ?

የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ እንደሚለው፣ ዕድሜው 45 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሲንቀሳቀስ መገጣጠሚያው ካመመው፣ ጠዋት ሲነሳም ካልደረቀበት ወይም ድርቀቱ ከ30 ደቂቃ በላይ ካልቆየ፣ ሐኪሙ ያለ ራጅ ኦስቲዮአርትራይተስ መሆኑን ሊወስን ይችላል። ስለዚህ «ራጅ አላዘዘልኝም» ብሎ ማዘን አያስፈልግም።

ግን አንዳንድ ምልክቶች ቶሎ መታየት አለባቸው። ጉልበቱ በድንገት ካበጠና ከጋለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ከወደቁ በኋላ መቆም ካቃተ፣ ወይም የጠዋቱ ድርቀት ብዙ ከቆየ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ምን ይረዳል?

ዋናው ሕክምና እንቅስቃሴ ነው። «ጉልበቴን ስለሚያመኝ ልረፍ» ማለት ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ጡንቻው ሲደክም ጫናው ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል። በዴንማርክ በ2013 በተጀመረ አንድ ፕሮግራም፣ ታማሚዎች ስለ ሕመሙ ትምህርት ይሰጣቸዋል፤ ከዚያም በፊዚዮቴራፒስት እየታገዙ 12 ጊዜ ይለማመዳሉ። ልምምዱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከወንበር ቀስ ብሎ መነሳትና መቀመጥ አንዱ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢያምም ጉልበቱ ተጎዳ ማለት አይደለም።

ክብደት መቀነስም ይረዳል። ክብደታቸው ከፍ ባለ የጉልበት ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። በፍራሚንግሃምም በአሥር ዓመት ውስጥ አምስት ኪሎ ያህል የቀነሱ ሴቶች፣ በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል።

በቤት ውስጥም የሚስተካከል ነገር አለ። ቡና ሲፈላ ዝቅተኛው በርጩማ ጉልበትን በጣም ያጥፈዋል፤ ከፍ ባለ ወንበር መተካት ይቻላል። ስግደት የሚያሳምማቸው ከንስሐ አባታቸው ወይም ከኢማማቸው ጋር ቢነጋገሩ መፍትሔ ያገኛሉ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ ኑሮን ከከለከለ ደግሞ፣ ጉልበትን በቀዶ ሕክምና መቀየር አለ።

እንዴት እንጠይቅ?

«እማዬ፣ ያምሻል?» ብትሏት «አያመኝም» ልትላችሁ ትችላለች። ስለምትሠራው ነገር ጠይቋት፦ «ደረጃ ስትወጪ ምን ይሰማሻል?» «ከሱቅ ስትመለሺ መንገድ ላይ ታርፊያለሽ?» አያታችሁን ደግሞ በአክብሮት «ጠዋት ሲነሱ ጉልበትዎ ይታዘዝልዎታል?» በሏቸው።

መልሱን ለመረዳት እነዚህን ቃላት እወቁ። «ይወጋኛል» ማለት እንደ መርፌ የሚሰማ ሕመም ነው። «ይቆረጥመኛል» አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚሰማ፣ «ይጠዘጥዘኛል» ደግሞ ሳያቋርጥ የሚያሠቃይ ሕመም ነው። «አልታጠፍ አለኝ» ካሉ ደርቋል ማለት ነው። «ሸብረክ ይላል» ካሉ ጉልበታቸው በድንገት ይከዳቸዋል፤ ስለዚህ ሊወድቁ ይችላሉ።

ብዙዎቻችሁ ሐኪም ቤት የወላጆቻችሁ አስተርጓሚ ናችሁ። እናታችሁ «ይቆረጥመኛል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል» ካለች፣ «ትንሽ ያማታል» ብላችሁ አታሳጥሩት፤ ሐኪሙ ሁሉንም መስማት አለበት። ስለ ሕመሟ እናንተ ፊት መናገር የምታፍር ከሆነም፣ ሐኪም ቤቱ ሌላ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ጠይቁ።

በዚህ ሳምንት ከወላጆቻችሁ ጋር ለ15 ደቂቃ በእግራችሁ ተንሸራሸሩ፤ ፍጥነቱን እነሱ ይወስኑ። የት ላይ እንዳረፉ አስተውሉ፤ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምትናገሩት አንዱ ነገር ይህ ነው።