ጉበት ሳይታረድ ሲለካ፦ አልትራሳውንድ ለነጋዴውና ለመንጋው

የከብት ነጋዴ ጉበትን የሚያውቀው ከታረደ በኋላ ነው። ቄራ ላይ ሐኪሙ ጉበቱን በቢላ ሰንጥቆ ያያል። የሐሞት ቱቦው ወፍሮ ቢላ ሥር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ጉበቱ ይወገዳል፣ ኪሳራውም እንስሳው በመጨረሻ እጁ ላይ በተገኘው ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። ከመንጋው ጋር አብሮ የሚጓዘው ሰው ጉበት ግን የሚያየው የለም። ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ በገላባት፣ በገዳሪፍና በዋድ መዳኒ አድርጎ በደቡብ ካርቱም እስከ አርካዊት ሰፈር የዘለቀ ነጋዴ፣ ነጂና ሾፌር በየመንገዱ ከቦይ ውኃ ሲታጠብ፣ ከብት ሲያጠጣ፣ ሲሻገር ኖሯል። ያ ውኃ በጉበት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሆድ ሳይከፍቱ መለካት እንደሚቻል በደንብ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ ይኸው አካባቢ ነው።

የሰናር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925 ተጠናቆ የገዚራ መስኖ ሲስፋፋ፣ ለጥጥ የተቆፈረው ቦይ ለቀንድ አውጣም ተመቸ። የአንጀት ቢልሃርዚያ ጥገኛ በቀንድ አውጣው ውስጥ አድጎ ወደ ውኃው ይወጣና የሰውን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ትሎቹ በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። ጉዳቱን የሚያደርሱት በዋናነት ትሎቹ ሳይሆኑ እንቁላሎቻቸው ናቸው። ከእንቁላሎቹ ከፊሉ በሰገራ ሲወጣ ከፊሉ በደም ተገፍቶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል፣ በዙሪያውም ጠባሳ ይበቅላል። ጠባሳው ከአንጀት ደም የሚያመጣውን ትልቁን ደም ሥርና ቅርንጫፎቹን እንደ ቱቦ ሽፋን ይከባቸዋል። ደሙ መንገድ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ በጉሮሮና በጨጓራ መገናኛ ያሉ ደም ሥሮች ይወጠራሉ። ከነዚህ አንዱ ሲፈነዳ ሰውየው ደም ያስታውካል።

ነጋዴን የሚያታልለው ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚህ በሽታ የጉበቱ ሥጋ ራሱ ለረጅም ጊዜ ሥራውን አያቋርጥም። ዓይን ቢጫ አይሆንም፣ ጉልበት አይከዳም። ቁመናው ያማረ ሰንጋ ውስጡ ሲከፈት እንደሚያስደነግጥ ሁሉ፣ ትናንት መኪና ሲጭን የዋለ ሰው ዛሬ በደም ማስታወክ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል።

ይህን ጠባሳ ሲመርስ የተባለ የሥነ ደዌ ሐኪም ግብፅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1904 የገለጸው ከሬሳ ምርመራ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጠባሳውን በእርግጠኝነት ለማወቅ ወይ ሬሳ መመርመር ወይ ከጉበት ቁራጭ መውሰድ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ሱዳናዊው ፕሮፌሰር ማሞን ሁመይዳና ባልደረቦቻቸው አልትራሳውንዱ ያሳየውን ከጉበት ቁራጭ ምርመራ ጋር አነጻጸሩ። አንዱ ወገን የሌላውን ውጤት ሳያውቅ ነበር የሚመረምረው፤ መሣሪያውም ታማኝ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት በገዚራ ነዋሪዎች ላይ በአልትራሳውንድ የተደረገ ጥናታቸውም ታተመ። ሆስፒታል ድረስ መምጣት የማይችል ሰው ጉበት መንደሩ ውስጥ ሊለካ ቻለ ማለት ነው። በኋላም የየአገሩ ልኬት እንዲመሳሰል ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በኒጀር ዋና ከተማ ኒያሜ ተሰብስበው አንድ መመሪያ አዘጋጁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2000 አሳተመው።

መሣሪያው የሚሠራው በድምፅ ነው። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ሆድ ይላካል፣ ተመልሶ የሚመጣውም ምስል ይሆናል። ጠባሳ ድምፁን በኃይል ስለሚመልስ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሐኪሙ መጀመሪያ መልኩን ያያል። መመሪያው ጤነኛውን ጉበት ሀ ብሎ ጀምሮ፣ ደም ሥሮቹ ነጭ ቀለበት የሠሩበትን፣ ጠባሳው በዋናው ደም ሥር መከፈያ ላይ የተከመረበትን፣ እስከ ጉበቱ ዳር እንደ ወፍ ጥፍር የተዘረጋበትን ሁሉ በየደረጃው ይለያል። ቀጥሎ ልኬት ይመጣል፤ የደም ሥር ቅርንጫፎች ግድግዳ ውፍረት፣ የዋናው ደም ሥር ስፋት፣ የጉበቱ ግራ ክፍል ርዝመት፣ የጣፊያ ርዝመት። በዚህ በሽታ የግራው ክፍል ሲያድግ የቀኙ ይኮማተራል። ልኬቱ ከሰውየው ቁመት ጋር ይነጻጸራል፤ ለረጅም ጎልማሳ ልክ የሆነው ስፋት ለአጭር እረኛ ልጅ የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላልና።

አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ መፍረድ ግን አይገባም። በመተማ፣ በሁመራና በገዳሪፍ ወባና ካላዛር የታወቁ ናቸው፤ ሁለቱም ጣፊያ ያሳብጣሉ። ስለዚህ «ጣፊያህ ትልቅ ነው» የሚል ወረቀት ብቻውን ቢልሃርዚያን አያረጋግጥም፤ የደም ሥሮቹ ግድግዳ መታየት አለበት። ሲቲ ስካን የጉበትና የጣፊያን ይዘት በተሻለ ሁኔታ ይለካል፣ ነገር ግን ዋጋው ከባድ ነው፣ ጨረርም አለው፣ የጠረፍ ከተማ ድረስም አይመጣም። የጉበትን ጥንካሬ የሚለካው አዲሱ መሣሪያ ደግሞ ለሌላ ዓይነት የጉበት ጠባሳ የተሻለ ነው። የቢልሃርዚያ ጠባሳ በደም ሥሮች ዙሪያ ተሰብስቦ መካከሉን ለስላሳ ስለሚተው ቁጥሩ ከጉዳቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መንገድ ተራው አልትራሳውንድ ይበልጣል።

በቦይ ውኃ ውስጥ የኖረ ሰው የሰገራ ምርመራ ያድርግ። ትሉ ከተገኘ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 40 ሚሊግራም ሂሳብ ይሰጣል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ቀጭን ጠባሳ ከሕክምና በኋላ በተለይ በወጣቶች ላይ ሊቀንስ ይችላል፤ የቆየና የወፈረው ግን በቀላሉ አይመለስም። በግራ ጎን የሚከብድ ነገር የሚሰማው ሰው አልትራሳውንድ ይጠይቅ። ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስታወክ ከታየ ጉዞው እዚያው ቆሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ሾፌሮች ለወገብ ሕመም እንደ ከረሜላ የሚውጡት ዲክሎፌናክ ደም ሥሩ ለተወጠረ ሰው አደገኛ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የካርቱም ሆስፒታሎች ክፉኛ ስለተጎዱ፣ በኢትዮጵያ በኩል ላለ ነጋዴ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቅርቡ አማራጭ ነው።

ወደ ከብቱ ስንመጣ ሂሳቡ ይለወጣል። ከብትም የራሱ ቢልሃርዚያ አለው፤ ይህ የተለየ ዝርያ ስለሆነ የገዚራው የሰው ጉበት ጠባሳ ከከብት አይመጣም። የኪሳራው ዋና ምንጭ ግን የጉበት ትል ነው። በደጋው አንዱ፣ በቆላው ሌላው ዝርያ ይገኛል፤ እንደ ፎገራ ያለ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ለትሉ ቀንድ አውጣ ምቹ ነው። አልትራሳውንድ በከብትም ላይ ይሠራል። የግራው ጎን በጨጓራ ስለተያዘ ከብት በቀኝ በኩል በኋለኞቹ ጎድን አጥንቶች መካከል ይታያል፤ የወፈረ የሐሞት ቱቦም ይለያል።

ያዋጣል ወይ? ለአንድ ከብት መያዝ፣ ጸጉር መላጨትና ማየት 20 ደቂቃ ይፈጃል ብንል፣ 50 ከብት ወደ 17 ሰዓት ይወስዳል። ለእርድ የሚሄድ መንጋ ይህን አይሸከምም። ለእሱ የተወሰኑ ከብቶችን ሰገራ አስመርምሮ መንጋውን ማከም ይሻላል። ነገር ግን እንቁላል በሰገራ የሚታየው ትሉ ከገባ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ነው፤ ንጹሕ ውጤት ትናንት ከረግረግ የወጣን ከብት ነጻ አያደርግም። አልቤንዳዞል ያደገውን ትል እንጂ ጉበት እየቦረቦረ ያለውን ግልገል አይገድልም፤ ትሪክላቤንዳዞል ሁለቱንም ይመታል። የትኛውም ቢሰጥ ሥጋው ከመበላቱ በፊት መጠበቅ ያለበት ቀን በመድኃኒቱ ላይ ተጽፏል፤ ከጉዞው ቀን ጋር አስቀድሞ ማስላት ነው። አልትራሳውንድ የሚያዋጣው ለኮርማና ለወተት ላም ነው። እርግዝና የሚያየው ሐኪም መሣሪያውን ይዞ ይመጣልና ጉበቱንም እንዲያይ መጠየቅ ይቻላል፤ ለእርግዝናው የሚያገለግለው መዳሰሻ ግን ጥልቀት ስለሚያንሰው ወደ ጥልቅ የሚደርስ ሌላ መዳሰሻ ያስፈልጋል።

ሰውና ከብትን በእውነት የሚያገናኘው ውኃ የቋጠረው የጉበት እብጠት ነው። በከብት፣ በበግና በግመል ጉበት ውስጥ የሚገኘውን ከረጢት ውሻ ሲበላው ትሉ በውሻው አንጀት ይራባል፣ ሰውም ከውሻው ሰገራ ይይዘዋል። በሰሜን ኬንያ በቱርካና፣ በደቡብ ኦሞም በዳሰነች፣ በኛንጋቶምና በሐመር የተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ ምርመራ እብጠቱን በአርብቶ አደሮች ሆድ ውስጥ አሳይቷል። ዛሬ ሐኪሞች ከረጢቱን በምስሉ መልክ ደረጃ ሰጥተው፣ የትኛው መድኃኒት፣ የትኛው ቀዶ ሕክምና፣ የትኛው ክትትል ብቻ እንደሚበቃው ይወስናሉ። በየጣቢያው ለእርድ የሚውለውን በግ የሚያርደው ነጂ ከረጢት ያለበትን ጉበት ለውሻ ከሚወረውር ይልቅ ቢያቃጥለው ወይም ውሻ በማያወጣው ጉድጓድ ቢቀብረው ወጪው አንድ አካፋ ነው።