ዝናብ ከዘነበ በኋላ ሥጋ ለምን ይወደዳል?

በካኩማ ገበያ ሥጋ ሲወደድ ወይም ከነጭራሹ ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ባለ ሥጋ ቤቱ ነው። ትርፍ የሚያበዛ ነጋዴ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከግጦሹ መሬት ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይጠቅማል።

እንደሚታወቀው በአካባቢያችን ፍየልና በግ የሚያረቡት የቱርካና አርብቶ አደሮች ናቸው። ድርቅ ሲጀምር ሣሩ ያልቃል፣ እንስሳቱም ይከሳሉ። አርብቶ አደሩ ሳይሞቱበት ለመሸጥ ስለሚጣደፍ ገበያው በከሱ እንስሳት ይሞላል፣ ዋጋቸውም ይወድቃል። ድርቁ ከበረታ ግን የሚሸጠውም ያልቃል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በሰሜን ኬንያ፣ በደቡብ ኢትዮጵያና በሶማሊያ 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በቂ ዝናብ ሳይሰጡ አለፉ። በሦስቱ አገሮች ከ9 ሚሊዮን በላይ የቤት እንስሳት እንዳለቁ ተገምቷል።

ከዚህ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ብዙ ሰው «እንግዲህ ሥጋ ይረክሳል» ብሎ ይጠብቃል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሣር ያገኘ አርብቶ አደር የተረፉትን እንስቶች ለእርባታ ያስቀራል እንጂ ወደ ገበያ አይነዳም። ፍየል ለመውለድ 5 ወር፣ ላም ደግሞ 9 ወር ያህል ያስፈልጋታል። የተወለደችው ጥጃ አድጋ ራሷ እስክትወልድ ደግሞ 4 ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የፍየል ሥጋ ቀድሞ ይገኛል፣ የከብት ሥጋ ግን ለዓመታት ሊወደድ ይችላል። በዚህ ላይ የነዳጅ ዋጋ፣ በጎርፍ የሚቆረጥ መንገድና የበዓል ሰሞን ግዢ ሲጨመሩ ዋጋው ይብስ ይንራል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ለበዓል የምትገዙ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገብታችሁ ከበዓሉ ሳምንት አስቀድማችሁ ግዙ። ሁለተኛ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር ከእህል ጋር ሲበሉ ለሰውነት ግንባታ ሥጋን በብዙ መልኩ ይተካሉ። በምስር ውስጥ ያለውን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነት በደንብ እንዲቀበለው ቲማቲም ወይም ሎሚ ጨምሩበት፤ ሻይ ግን ከምግቡ ጋር አትጠጡ። ጥቂት ሥጋ ከተገኘ ቅድሚያው ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ይሁን። ሦስተኛ፣ በርካሽ ተገኘ ብላችሁ የሞተ ወይም የታመመ እንስሳ ሥጋ አትግዙ፤ የምርመራ ማኅተም መኖሩን ተመልከቱ። አባ ሰንጋ የገደለውን እንስሳ መግፈፍም ሆነ መብላት ሰውን ይገድላል፤ መቀቀሉም ዋስትና አይሆንም።

በመጨረሻም፣ ፍየሉን አልሸጥም ያለ ቱርካና እኛን ለማስራብ ብሎ አይደለም። ያለቀበትን መንጋ መልሶ እያበዛ ነውና በገበያ ላይ ክፉ ቃል አንለዋወጥ። የእሱ መንጋ ሲያገግም የእኛም ገበያ ያገግማል።