ተሳቢ የሚጎትት መኪና መብራቱና ፍሬኑ እንዴት ይያያዛል?

ከባሕር ማዶ የሚመጣው ማዳበሪያ በጅቡቲ ከተማ ወደብ ከመርከብ ይራገፋል፤ በ50 ኪሎ ከረጢት ከተሞላም በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ይጓዛል። ተሳቢ ያለው አንድ ከባድ መኪና 400 ኩንታል ያህል፣ ይኸውም 800 ከረጢት ይጭናል። የኋለኛው ሸክም የሾፌሩን ትእዛዝ የሚሰማው በመኪናውና በተሳቢው መካከል በተዘረጉት የኤሌክትሪክ ገመድና ሁለት የአየር ቱቦዎች ነው። ስለዚህ ከወደቡ ከመነሣት በፊት ሦስቱም በሚገባ መያያዛቸውን መመርመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ስለ መብራቱ እንናገራለን። የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ሲሆን፣ ወደ ተሳቢው የሚተላለፈው አብዛኛውን ጊዜ ሰባት እግር ባለው ሶኬት ነው። ሁለቱ እግሮች ለግራና ለቀኝ የኋላ መብራት፣ ሁለቱ ለፍሬቻ፣ አንዱ ለፍሬን መብራት ያገለግላሉ፤ አንዱ ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ የቀረው ለተጨማሪ አገልግሎት ነው። የጅቡቲ አየር ጨውና እርጥበት ያለበት በመሆኑ እነዚህ እግሮች ቶሎ ይዝጋሉ። የመመለሻው እግር ሲዝግ ኤሌክትሪኩ በሌላ መብራት በኩል መንገድ ስለሚፈልግ፣ ፍሬቻ ሲበራ ሌሎቹ መብራቶች አብረው ይርገበገባሉ። ይህን ምልክት ያየ ሾፌር አምፖል ከመለወጡ በፊት ያንን እግር ያጽዳ።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍሬኑ ነው። ቀዩ ቱቦ ለተሳቢው የአየር ጋን ዘወትር አየር ይሰጣል፤ ቢጫው፣ በአንዳንድ መኪናም ሰማያዊው፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ትእዛዙን ያደርሳል። ቀዩ ሲገጠም የተሳቢው ፍሬን ሊለቅ ስለሚችል፣ በቅድሚያ ጎማው በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳል፤ ከዚያም ቢጫው ይገጠማል፤ ቀዩ በመጨረሻ ይከተላል። በሚፈታበት ጊዜ ግን ቀዩ ይቀድማል።

ቀዩ ቱቦ ቢበጠስ ተሳቢው በራሱ ፍሬን ይይዛል። የቢጫው ብልሽት ግን ፍሬን እስኪረገጥ ድረስ ተሰውሮ ይቆያል። ስለሆነም ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ አየር አለመተንፈሱንና መብራቱ መብራቱን ይመልከት፤ ቀጥሎም መኪናው በዝግታ ተነሥቶ ፍሬኑ ይፈተን።

የዚህ ጥንቃቄ ዋጋ በግልጽ የሚታየው በዓባይ በረሃ ነው። ለጎጃም ገበሬ ማዳበሪያ የጫነ መኪና ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል። የተሳቢው ፍሬን ካልያዘ ሸክሙ ሁሉ በፊተኛው መኪና ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ግሎ ይደክማል፤ ተሳቢው መኪናውን ገፍቶ ከመንገድ ያወጣዋል። ፍሬኑ ደኅና ቢሆንም እንኳ ቁልቁለቱ በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ኃይል እየተያዘ መወረድ አለበት።

የዘር ጊዜ ሲቃረብ ጭነት አስጫኙም ተረካቢውም ሾፌሩን ማጣደፋቸው የተለመደ ነው። ሆኖም በወደቡ ለምርመራ የሚውለው ጥቂት ደቂቃ የሰውን ሕይወትና የገበሬውን ማዳበሪያ የሚያድን ስለሆነ፣ ለሾፌሩ ሊፈቀድለት ይገባል።