ክሌቨር፦ በየካርዱ የምትጻፍ፣ ጠባይዋ ያልታወቀ ቃል

“ጉድ”፣ “ቬሪ ጉድ” እና “ኤክሰለንት” የደብተር ቃላት ናቸው። በቀይ እስክሪብቶ ከእርማቱ ግርጌ ይጻፋሉ፤ ሥራቸው እዚያው ያበቃል። “ክሌቨር” ግን ከደብተር ወጥታ ከሰው ጋር ትሄዳለች። “የክፍላችን ክሌቨሮች”፣ “ያቺ ክሌቨሯ ልጅ”፣ “ወንድሙም ክሌቨር ነበር” ይባላል። በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ፣ ከጊንጪም ወደ ሰሜን ታጥፎ በጎጆ (ጎጆ ቤቱ አይደለም፣ የጀልዱ ወረዳ ከተማዋ ናት) ሰኔ ላይ ካርድ ሲታደል የትምህርት ቤት በር ላይ የቆመ ሰው፣ ቃሏን በአፋን ኦሮሞውም በአማርኛውም መሃል ተሰክታ ይሰማታል። እንግሊዝኛ ያልተማረ ወላጅ እንኳ ያውቃታል።

ይህን ያህል የምትወደድ ቃል ይህን ያህል ያለቦታዋ መዋሏ ያስቆጫል። ክሌቨር ከእንግሊዝኛ የምስጋና ቃላት ሁሉ ቀልጣፋዋና ተጫዋቿ ናት፤ ትንሽ ተንኮልም አታጣም። የኛ ትምህርት ቤት ግን የራሷን ሥራ አስጥሎ የሌላ ቃል ሸክም አሸክሟታል።

ሰዋስዋ አያስቸግርም። ቅጽል ናት፤ ከስም ፊት ትገባለች፣ “ነው” ከሚለው ግሥ ኋላም ትቆማለች። ሲያወዳድሩባት “ክሌቨረር” ቢሉም “ሞር ክሌቨር” ቢሉም ያስኬዳል።

የዘር ሐረጓ ግን ደስ ይላል። ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት ያሳደጓት ቃል አይደለችም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ በአንድ ጽሑፍ ብቅ ስትል “ለመያዝ የፈጠነ፣ እጁ የማይስት” የሚል ዓይነት ስሜት ነበራት። ከዚያ ለረጅም ዘመን ጠፋች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሙና ደራሲው ሰር ቶማስ ብራውን በምሥራቅ እንግሊዝ ባላገሮች ዘንድ ከሚነገሩ የአካባቢ ቃላት ተርታ መዘገባት። ሳሙኤል ጆንሰንም እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ዝነኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ አስገብቷት ሲያበቃ፣ ተራ የጨዋታ ቃል ናት፣ ሰው የወደደውን ሁሉ ይጠራባታል፣ የረጋ ፍቺም የላት ብሎ አሽሟጠጣት። የጆንሰን ሽሙጥ አልያዘም፤ ቃሏ ዛሬ የረጋ ፍቺ አላት። እጅ ወይም አእምሮ ፈጥኖ መላ ሲያገኝ ክሌቨር ይባላል። መላ ያገኘውም ሰው፣ መላውም ራሱ፣ በመላው የተሠራውም ዕቃ ክሌቨር ናቸው። ድካም፣ ትጋት፣ ሌሊት ተነሥቶ ማጥናት በፍቺዋ ውስጥ የሉም።

ስለዚህም በእንግሊዝ አገር ካርድ ላይ “ክሌቨር ነው፣ ግን ሰነፍ ነው” የሚል አስተያየት ቢጻፍ ማንም አይደነቅም። ልጁ ጭንቅላት አለው፣ ደብተር አይገልጥም ማለት ነው። ይኸንኑ ዐረፍተ ነገር አምቦ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ለተማሪዎች “ትክክል ነው ስሕተት?” የሚል አስተማሪ ቢኖር፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ “ስሕተት!” ይላል። ክሌቨር የሆነ እንዴት ሰነፍ ይሆናል?

ተማሪዎቹ አልተሳሳቱም፤ እነሱ የሚያውቋት ክሌቨር የእንግሊዝኛዋ አይደለችም። እነሱ የሚያውቁት የእንግሊዝኛ ኮት የለበሰውን “ጎበዝ” ነው።

ጎበዝ ደግሞ ሌላ ፍጡር ነው። መነሻው ጭንቅላት ሳይሆን ክንድ ነው፤ ጎበዝ ማለት ጉልበቱ የሞላ ወጣት ነበር። በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 12 የአማርኛው ትርጉም “ጉብዝና” ሲል የሚናገረው ስለ ወጣትነት እንጂ ስለ ፈተና ውጤት አይደለም። የመንደሩን ታጣቂ የሚመራው ሰው “ጎበዝ አለቃ” የተባለውም ፊደል ስለቆጠረ አይደለም። አደጋ ሲመጣ “ኧረ ጎበዝ!” ብሎ የሚጮህ ሰው የሚጠራው ክንዱ የበረታውን ሁሉ ነው፤ ማትሪክ ያለፈውን ለይቶ አይጠራም። ቀስ በቀስ ቃሉ እየሰፋ ሄዶ ምግቡን የጨረሰ ሕፃን፣ መድኃኒቱን ፊቱን ሳያጨማድድ የዋጠ ታማሚ፣ ዳገቱን ሳያርፉ የወጡ እማማ ሁሉ ጎበዝ ተባሉ። (እንግሊዞችም ምግቡን ለጨረሰ ሕፃን “ክሌቨር ቦይ” ይላሉ፤ ሁለቱ ቃላት በትክክል የሚገናኙት ምናልባት እዚህ ማዕድ ላይ ነው። ዳገት ለወጡት እማማ ግን “ክሌቨር” ቢሏቸው ሴትዮዋ አቋራጭ ያገኙ ይመስላል።)

በምዕራብ ሸዋ ነገሩ አንድ ፎቅ ይጨምራል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በኦሮሚያ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፣ 9ኛ ላይ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። የጎጆ ልጅ ከጎበዝም ከክሌቨርም በፊት የሚያውቀው “ጭማ” የሚለውን ነው። ጎበዝ ተማሪ “በረታ ጭማ” ይባላል፤ በቁሙ ጠንካራ ተማሪ ማለት ነው። ደካማው ተማሪ “በረታ ደዸባ” ነው፤ ይህም በቁሙ ደካማ። “በረታ” በአፋን ኦሮሞ ተማሪ ሲሆን በአማርኛ ደግሞ ጠነከረ ማለት መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር ልጅ ግን ሳይስቅበት አያልፍም።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ባለቤት በዚያው አካባቢ አንድ የ6ኛ ክፍል ደብተር ተመልክቷል። ልጁ ስለ ጓደኛው አምስት መስመር ጽፏል። በሁለተኛው መስመር ጓደኛው “ስትሮንግ ስቱደንት” እንደሆነ ይናገራል፤ አስተማሪው “ስትሮንግ” የሚለውን በቀይ ሰርዞ ከላዩ “ክሌቨር” ብሎ አርሞታል። ከመስመሩ ዳር ግማሽ ማርክ ተቀንሷል።

ልጁ የጻፈው የጠራ እንግሊዝኛ ነበር። የአሜሪካና የእንግሊዝ አስተማሪ ስለ ጎበዝ ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍ “ስትሮንግ ስቱደንት” ይላል፤ ውጤቱ ዝቅ ስላለውም “ዊክ ስቱደንት” ይላል። ጭማን በቁሙ ቢተረጉሙት ስትሮንግ ይመጣል፣ ደዸባን ቢተረጉሙት ዊክ ይመጣል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከእናቱ ቋንቋ ቃል በቃል መተርጎም ስንት ተማሪን ገደል ከቷል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ድልድዩ በሰላም ያሻግር ነበር። በቀይ እስክሪብቶ የፈረሰውም ያ ድልድይ ነው። ለእርማት የሚቸኩሉ መምህራን ይህን ቢያስቡበት ደግ ነው፤ ግማሽ ማርኳም ብትመለስ አይከፋም።

ክሌቨር የጎበዝን ቦታ ስትይዝ የሰነፍን ቦታ “ሌዚ” ያዘ። ከባዱ ጉዳት የደረሰው በዚህ ነው። አማርኛው “ሰነፍ” ራሱ ሁለት ፊት አለው። በመዝሙረ ዳዊትና በመጽሐፈ ምሳሌ ሰነፍ ማለት ማስተዋል የጎደለው ሞኝ ነው፤ በእርሻ ላይ ደግሞ ሥራ የሚጠላ ነው። በክፍል ውስጥ ሁለቱ ተደባልቀው ትምህርት ያልገባው ሁሉ ሰነፍ ተባለ። እንግሊዝኛው ሌዚ ግን ፊቱ አንድ ነው፤ መሥራት እየቻለ የማይሠራ ማለት ነው። ጠዋት ውኃ ቀድታ፣ ጥጃ አስራ፣ በጭቃው መንገድ አንድ ሰዓት ተጉዛ ክፍል የገባች ልጅ በሒሳብ 38 ብታመጣ፣ “ሺ ኢዝ ሌዚ” ተብሎ ይጻፍባታል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ልጅቱ እንቅልፋም ናት ብሎ ይፈርዳል። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞችን የመሰሉ የውጭ መምህራን ይህን አነጋገር ሲሰሙ ግራ ቢጋቡ አያስደንቅም። ባልደረባቸው ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ “እነዚህ ክሌቨሮቹ ናቸው፣ እነዚያ ደግሞ ሌዚዎቹ” ሲል በእነሱ ጆሮ ስድብ ነው፤ እሱ ግን ያስተዋወቀ ነው የመሰለው። በየክፍሉ “አንድ ለአምስት” የሚባለው አደረጃጀት የመጣ ጊዜም ይኸው ክፍፍል በወረቀት ሰፈረ፤ በየቡድኑ አንድ ክሌቨር፣ ከሥሩ ሌሎቹ።

ለመሆኑ ልጅን ጭንቅላትህ ጥሩ ነው ብሎ ማመስገንና ጥረትህ ጥሩ ነው ብሎ ማመስገን ልዩነት አለው? ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በአሜሪካ የ5ኛ ክፍል ልጆች ላይ ፈትነዋል። ልጆቹ መጀመሪያ እምብዛም የማይከብድ እንቆቅልሽ ሠሩ። ከዚያ አንዳንዶቹ ብልሆች ናችሁ ተባሉ፣ ሌሎቹ ጥራችኋል ተባሉ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ብልህ የተባሉት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፣ ከዚያም በኋላ ውጤታቸው ዝቅ አለ፤ ምርጫ ሲሰጣቸውም የሚያስሞግሳቸውን ቀላሉን ሥራ መረጡ። ስለ ውጤታቸው ለሌላ ልጅ ጻፉ ሲባሉም ከፍ አድርገው የዋሹት ከእነሱ መካከል በዙ። ጥረታቸው የተመሰገነው ግን ከባዱን ደፈሩት። ጎበዝና ጭማ በዚህ ሚዛን ከጥረት ወገን ናቸው፣ ክሌቨር ከጭንቅላት ወገን። አያቶቻችን ይህን ያሉት ጥናት አንብበው አይደለም፤ ቃሉን ከክንድ ስለወሰዱት ብቻ ነው።

ታዲያ ክሌቨር በአማርኛ ማን ትሁን? አንድ ቃል አይበቃትም። ጥሩ ፊቷን “ብልህ” ይይዘዋል፣ ተንኮለኛ ፊቷን “ብልጥ”፣ ፍጥነቷን “ጮሌ”። በተለይ ጮሌ! ፈጣን ፈረስም ጮሌ ነው፣ አፈ ቅቤ ደላላም ጮሌ ነው፤ ሙገሳ ይሁን ሐሜት የሚለየው በድምፅ ነው። እንግሊዝኛዋም እንዲሁ ናት። “ዛት ወዝ ክሌቨር” የሚለውን እንግሊዛዊ ድምፁን ሳይሰሙ ማመስገን የለብዎትም።

የፈረስ ነገር ከተነሣ፣ በዓለም ላይ በዚህች ቅጽል እጅግ የታወቀው ፍጡር ሰው አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በርሊን ውስጥ ቪልሄልም ፎን ኦስተን የሚባሉ የሒሳብ መምህር ሃንስ የተባለ ፈረሳቸውን ስሌት አስተማርኩት አሉ። ሦስትና አራት ስንት ነው ሲባል ሃንስ ሰባት ጊዜ መሬቱን በኮቴው ይመታል። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ምሥጢሩን ገለጠው፦ ፈረሱ ሒሳብ አያውቅም፤ የጠያቂውን ፊትና ትከሻ ያነብባል። ቁጥሩ ልክ ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው ዘና ይላል፣ ሃንስም ያቆማል። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ሃንስም አያውቅም። በእንግሊዝኛ ስሙ እስከ ዛሬ “ክሌቨር ሃንስ” ነው፤ የተገባው ስም ነው። ጎበዝ ሃንስ ግን አይባልም። ጣቱን እያጮኸ “ቲቸር! ቲቸር!” ሲል ከቆየ በኋላ ሲጠሩት መልሱን ከአስተማሪው ቅንድብ የሚያነብ ተማሪ ያጋጠመው መምህር ሃንስን አሳምሮ ያውቀዋል።

ቃሏን በትክክለኛ ቦታዋ ማየት የሚፈልግ ከክፍል ይልቅ መንገድ ዳር ቢፈልግ ይሻለዋል። አምቦ ላይ ከምግብ ቤት ደጃፍ የአምቦ ውኃ ቆርኪ የሚለቅሙ ልጆች አሉ። ቆርኪው በድንጋይ ይደለደላል፣ መሃሉ በምስማር ይበሳል፣ ሁለት ሁለቱ ፊት ለፊት ተገጥመው ጎማ ይሆናሉ። አካሉ ሽቦ ነው። ረጅሙ መሪ ከፊት እግሮቹ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አንዱ ልጅ የእስክሪብቶ ቀፎ ቆርጦ አስገብቷል፤ ሽቦ ከሽቦ እንዳይፋተግና መኪናው በቀላሉ እንዲታጠፍ። ያ የእስክሪብቶ ቀፎ ክሌቨር ነው። የልጁ ካርድ ላይ ሌዚ ተብሎ ሊሆን ይችላል፤ ቀፎው ግን ክሌቨር ነው።

ለሥራ ማመልከቻ የሚጽፉ ወጣቶችም ቢጠነቀቁ ይበጃል። “አይ አም ክሌቨር” ብሎ ስለራስ መጻፍ በእንግሊዝኛ ጆሮ ጉራም ነው፣ ጥርጣሬም ይጭራል፤ ሒሳብ ሹም የሚቀጥር ሰው ሒሳብ ሹሙ ጮሌ እንዲሆን አይመኝም። ታታሪነትን ለመናገር “ሃርድወርኪንግ” አለ፣ ብሩህ አእምሮን “ብራይት” ይናገርለታል፣ ጎበዝ ተማሪ ለነበረ ሰው ደግሞ ያ የተሰረዘው “ስትሮንግ” አለ። አሜሪካኖች ለአእምሮ ፍጥነት “ስማርት” ማለት ይቀናቸዋል፤ ክሌቨርን ለብልሃተኛ ሐሳብና ለዕቃ ያቆዩአታል።

የቀረው የፊደል ነገር ነው። ቃሏ ውስጥ “ኢ” የተባለችው የእንግሊዝኛ ፊደል ሁለቴ ትገባለች፣ “ኤ” አትገባም። ከመጀመሪያዋ “ኢ” ቀጥሎ “ኤ” የሚጨምሩ ብዙ ናቸው፤ ያን ጊዜ ንባቡ “ክሊቨር” ይሆናል፣ ፍቺውም ሥጋ ቤት አጥንት የሚከተከትበት ሰፊ ቢላ። እንዲህ ተብሎ የተጻፈበትን ካርድ አንዳንዱ ወላጅ በፕላስቲክ አስለብጦ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።