የዩኒቨርሲቲ መምህር አቤቱታ ለማን ይቅረብ?

በኅዳር 2015 ዓ.ም. በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሥራ ማቆም አድማ በተጠራ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሰማው የደመወዝ ጥያቄን ነው። አድማው ብዙም ሳይቆይ ረገበ፤ ጥያቄው ግን ከዚያ በፊትም ነበረ፣ ከዚያ በኋላም አለ። ለምን እንደማይዘጋ ለመረዳት መምህሩን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ ማየት ይጠቅማል።

በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሕግ ይሠራል። የሒሳብ ሠራተኛዋና የሬጅስትራር ባለሙያው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ሲተዳደሩ፣ መምህሩ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅና በዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጂስሌሽን ይተዳደራል። ሌክቸረር የነበረውን ሰው ረዳት ፕሮፌሰር ለማድረግ የሚመዝኑት የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው። የደመወዝ ስኬሉና በጀቱ ግን የሚወሰኑት ከግቢው ውጭ ነው። ነባሮቹ እስከ ዛሬ «ፐርሶኔል» የሚሉት የሰው ሀብት ቢሮ በመካከል ተቀምጦ ፋይል ይይዛል፣ ፈቃድ ይመዘግባል፣ ክሊራንስ ይፈርማል። አቤት ባዩ ወደ ዲኑ ሲሄድ «በጀት የለም»፣ ወደ ፕሬዚዳንቱ ሲሄድ «የሚኒስቴሩን መመሪያ እንጠብቃለን» ይባላል። የሚያበሳጨው ሁለቱም እውነታቸውን መሆኑ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 ይበልጣሉ። ሕንፃው ከመምህሩ ቀድሞ ደረሰ። ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ወጣት በረዳት ምሩቅነት እየተቀጠረ፣ ትናንት ዶርም የተጋራቸውን ልጆች ዛሬ ሊያስተምር ቆመ። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ሲላክ ዋስ ጠርቶ ውል ይፈርማል፤ ተምሮ ከቀረ ገንዘቡ የሚጠየቀው ከዋሱ ነው። መንግሥት ያወጣበትን ወጪ ለማስመለስ መፈለጉ አያስወቅሰውም። ግን መምህርን ለማቆየት የታሰበበት ዋነኛ ዘዴ የዘመድ ደመወዝ ማስያዝ ከሆነ፣ የውሉ ዘመን ባለቀ ማግስት መልቀቂያ ቢገባ ማን ይገረማል?

የሥራ ዋስትናውም ቢሆን የቆየ ጠባሳ አለው። በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናብተዋል። ያን ጊዜ ያልተወለዱ መምህራን ሳይቀሩ ታሪኩን ያውቁታል።

በመምህራን ላውንጅ ከደመወዝ ቀጥሎ የሚወራው የደረጃ ዕድገት ነው። አመልካቹ ያሳተማቸውን ጽሑፎች፣ የተማሪና የባልደረባ ምዘና ውጤቱን፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ማስረጃውን አያይዞ ለትምህርት ክፍሉ ያስገባል። ከዚያ ኮሌጁ ያየዋል። ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነትና ከዚያ በላይ ከሆነ ጽሑፎቹ ለውጭ ገምጋሚዎች ይላካሉ፤ ገምጋሚው ሥራ በዝቶበት ዝም ካለ ፋይሉም አብሮት ዝም ይላል። ሙሉ ፕሮፌሰርነት እስከ ቦርድ ይዘልቃል። መመዘኛው ጥብቅ መሆኑን የሚቃወም መምህር ብዙም አልሰማሁም። የሚያንገበግባቸው ፋይሉ የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ የሚነግራቸው ሰው ማጣታቸው ነው። ይህን ለማስተካከል የደመወዝ ስኬል መከለስም ሆነ የሚኒስትሮች ምክር ቤት መሰብሰብ አያስፈልግም።

የሥራ እርካታን የሚያጠኑ ሰዎች ፍሬድሪክ ኸርዝበርግን መጥቀስ ይወዳሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1950ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባወጣው ሐሳብ መሠረት፣ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ሲጓደሉ ሰውን ያስከፋሉ፤ ስለተሟሉ ብቻ ግን አያረኩትም። የሚያረኩት የሥራው ይዘት፣ ዕውቅናና ዕድገት ናቸው። በየዩኒቨርሲቲው የማስተርስ ተማሪዎች በዚሁ ሐሳብ የአስተማሪዎቻቸውን ቅሬታ በመጠይቅ ይለካሉ፤ ጥናቱ ዲፌንስ ላይ ቀርቦ፣ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ችግሩ «ገንዘብ ብቻውን አያረካም» የምትለው ግማሽ ሐሳብ ለከፋዩ በጣም መመቸቷ ነው። የቤት ኪራይ ከደመወዙ አብዛኛውን የሚወስድበት መምህር ማታ ኤክስቴንሽን፣ ቅዳሜ ደግሞ የግል ኮሌጅ ያስተምራል። ለምርምር የሚተርፈው ሰዓት እዚያ ያልቃል፤ ምርምር ከሌለ ኅትመት፣ ኅትመት ከሌለ ዕድገት የለም። ኸርዝበርግ ለየብቻ ያስቀመጣቸው ሁለቱ እዚህ ላይ አንድ ይሆናሉ።

የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ይህን ቋጠሮ ለመፍታት የመጀመሪያው ከባድ ሙከራ ይመስለኛል። ቀዳሚው ራስ ገዝ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሐሳቡ ተቋሙ ሠራተኛውን ራሱ እንዲቀጥር፣ ገቢውን ራሱ እንዲያመነጭና ክፍያውንም በዚያው ልክ እንዲያስተካክል ነው። ያኔ አቤት ባዩን ወደ ሚኒስቴር መምራት አይቻልም። ሆኖም ገቢ ለማመንጨት የከተማ ገበያ፣ ከፋይ ተማሪና አማካሪ ፈላጊ ድርጅት ያስፈልጋል፤ እነዚህ ጂንካ ወይም መቅደላ አምባ እንደ አዲስ አበባ አይገኙም። ዋና ከተማው የተሻለ መክፈል ሲጀምር ማስታወቂያውን አይቶ ቀድሞ የሚያመለክተው፣ ሩቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት አስተምሮ ያሠለጠነው ባለ ሦስተኛ ዲግሪ መምህር ነው።