መዝገቡ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ማኅተም የያዘው ሰው የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ ደርቦ እንዳይዝ ማድረግ በማኅበር አስተዳደር የቆየ ጥንቃቄ ነው። ዛሬ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ አካባቢ የአባላት ስምና ዕጣ፣ የተረከቡት ቡና ኪሎ፣ የማዳበሪያ ዕዳም ሳይቀር ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ እየተሻገረ ነው። ቁልፉ የምሥጢር ቁጥር ሆኗል። እሱንም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ብቻ ነው። ሰውዬው ሥራ ቢለቅ ወይም ቢታመም ማኅበሩ ከገዛ መዝገቡ ውጭ ይቀራል ማለት ነው።

ጉዳዩ አሁን የሕግ ግዴታም ሆኗል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ድርጅት መረጃውን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። መረጃው ከተሰረቀ ወይም ከባከነም ድርጅቱ ይህን ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማስታወቅ አለበት። መዝገቡ ውስጥ ምን እንደነበረ የማያውቅ ማኅበር ምን እንደጠፋው ሊያስታውቅ አይችልም።

አደጋ ሲባል ግን ሌባ ብቻ መታሰብ የለበትም። ወለጋ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ወር መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋ ደግሞ ስልክ በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ተወስኖ ቆየ። ያን ጊዜ ቴሌብር ገና አልነበረም፤ የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። የቡና ሂሳቡን በስልክ ብቻ የሚከፍል ማኅበር ዛሬ እንዲያ ያለ መቋረጥ ቢገጥመው ጉዳቱ የሚብሰው ስለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ሌሊት በተፈጠረ የአሠራር ብልሽት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ ወጥቶበታል። ባንኩ እንደገለጸው ምክንያቱ የውጭ ጥቃት አልነበረም። ማን ምን ያህል እንደወሰደ በመዝገብ ስለተገኘ አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል።

ለማኅበር የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። የምሥጢር ቁጥሩ በታሸገ ፖስታ በሊቀመንበሩ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሠራተኛ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጥ። ክፍያ የሚያዘጋጀውና የሚያጸድቀው ሰው ይለያይ። «ከባንክ ነው የምደውለው» ብሎ የምሥጢር ቁጥር ለሚጠይቅ ማንም አይንገር፤ ባንክ ይህን አይጠይቅም። በየሳምንቱ የመዝገቡ ቅጂ በፍላሽ ተወስዶ ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ፤ የአባላት ዕዳና ተከፋይ ሂሳብም በወረቀት ታትሞ ይፈረምበት። ፍላሹ በሌላ ኮምፒዩተር መከፈቱን የቁጥጥር ኮሚቴው ቡና መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ራሱ ይሞክረው፤ ያን ዕለት ኢንተርኔቱን ዘግቶ ለአንድ አባል ሂሳቡን በወረቀቱ ብቻ አስልቶ መክፈል ይቻል እንደሆነም ይመልከት።